በጃፓኑ ልጅ አፍ

ወንድሜ ሲሞት ድምፁ ገና አልጎረነነም ነበር። ከሌላው ሁሉ አስቀድሜ ይህን የምጽፈው፣ በሥራዬም ሆነ በቤታችን በኋላ የሆነው ነገር ሁሉ ከዚያ ስለመጣ ነው።

የተወለድነው ከሮብ ገበያ ወደ ጮቄ በሚያወጣው መንገድ ዳር ካለች መንደር ነው፤ ታላቅ እህቴ፣ እኔና እሱ። አባታችን እሱ ጡት ሳይጥል ስላረፈ፣ እናታችን መሬቷን ለእኩል አራሽ እየሰጠች በገብስና በድንች አሳደገችን። እህቴ ገና በልጅነቷ ለአንድ ሾፌር ተድራ ደጀን ገባች። እኔ ለዘጠነኛ ክፍል ደብረ ማርቆስ ስወርድ እናቴ ወንድሜንም አብራኝ ላከችው። እኔ እንድጠብቀው መስሎኝ ነበር። ለጎረቤቶቿ የነገረቻቸው ግን እሱ እኔን እንዲጠብቀኝ እንደላከችው ነው።

የተከራየናት ክፍል ከአውቶብስ መናኸሪያው ብዙም አትርቅም ነበር። ወንድሜ ከትምህርት ቤት እንደወጣ የመናኸሪያውን አጥር ተደግፎ ይቆማል። ሌሎቹ ልጆች መኪና ሲያዩ እሱ ሰው ይሰማል። ከዚያ እራት ላይ የሰማውን ሁሉ ያመጣልኛል፦ «ደጀን! የሞላ ደጀን!» የሚለውን ረዳት፣ ዶሮዋ ከመኪናው ጣራ ላይ ስለጠፋችባት የምትሟገተውን ሴትዮ፣ ከደብረ ኤልያስ የመጡትን ጥርሳቸው ያለቀ ቄስ። ዓይኔን ብጨፍን ክፍሉ ውስጥ ያሉ ይመስሉኝ ነበር። የራሱ ድምፅ ግን ከማንም ጋር አይምታታም። ሻከር ያለ፣ ብርድ የመታው ዓይነት ነው። ሊናገር ሲል አንድ ጊዜ ትንፋሹን ወደ ውስጥ ይስባል፤ ከዚያ ቃላቱ ተያይዘው ይወጡና የመጨረሻዋን ይውጣታል። ሲስቅ ስቅታ የያዘው ይመስላል።

አንድ በጋ ከተማው ውስጥ ማጅራት ገትር ገባ። ወንድሜ ጠዋት አንገቴን አመመኝ ብሎ ከትምህርት ቤት ቀረ። ከሰዓት በኋላ ብርሃን አስጠላው፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። አከራያችን ሲያዩት ደንግጠው ሰው ጠሩና በቃሬዛ ሆስፒታል አደረስነው። እናቴ መልእክት ደርሷት በጭነት መኪና ተሳፍራ ስትመጣ ሁሉም ነገር አልቆ ነበር፤ አስከሬኑን ወደ መንደራችን ይዘን ተመለስን። እንደ አገሩ ወግ አለቀሰች፤ ደረቷን መታች፤ ሙሾ የሚያወርዱትን እየተቀበለች አወረደች። ሰልስቱ ካለፈ በኋላ ግን ስሙን አንድም ቀን አላነሳችም። እኛም እሷን ስለምንፈራ አናነሳም። ፎቶግራፍ አልነበረውም። እሱን የሚያስታውስ ነገር ሁሉ በየሰው ጆሮ ውስጥ ብቻ ቀረ።

በሚቀጥለው ዓመት የከተማውን የቴአትር ክበብ ተቀላቀልኩ። ለጥበብ ካለኝ ፍቅር ነው ብል ያምርልኝ ነበር፤ እውነቱ ግን ከትምህርት በኋላ ያቺ ክፍል ውስጥ ብቻዬን መቀመጥ ስላልቻልኩ ነው። የሚያሠለጥኑን ሰው በወጣትነታቸው ቅኔ ቤት የከረሙ፣ ኋላ ወደ መድረክ የመጡ ጎልማሳ ነበሩ። ጋሼ እንላቸዋለን። አዳራሹ ጣራው ቆርቆሮ ነው፤ ኮርኒስ የለውም። በክረምት ዝናቡ ሲወርድ የራስህን ሐሳብ እንኳ አያሰማህም። ማይክራፎን ደግሞ አልነበረንም። ጋሼ የመጨረሻው ወንበር ላይ ይቀመጡና ከመድረክ የምንናገረው ካልደረሳቸው እጃቸውን ያነሳሉ። እጃቸው ቶሎ ቶሎ ይነሳ ነበር።

አንድ ቀን ድምፄ እስኪሰነጠቅ ስጮህ መጡና ከጎኔ ቆሙ። «ከዝናቡ ጋር አትጣዪ፤ አታሸንፊውም» አሉኝ። «ትንፋሽሽን ከሆድሽ አንሺና በሥሩ እለፊ።» እንደ ዜማ ተማሪ ለወራት ትንፋሽ ብቻ አሠሩኝ። አንዲቱን ዓረፍተ ነገር አንዴ ለቅሶ፣ አንዴ ሽንገላ አድርጌ እንድናገራት፣ ቃሏ ግን እንዳትለወጥ ያስገድዱኝ ነበር። ድምፄ ወፍራም ሆኖ ስለወጣ እናቶችንና አሮጊቶችን እንድጫወት ሰጡኝ። ገና ሃያ ዓመት ሳይሞላኝ ስንት ልጅ እንደቀበርኩ፣ ስንት ባል እንደሸኘሁ በመድረክ ላይ! ስለ ኤች አይ ቪ የሚያስተምሩ ድራማዎች ይዘን በየወረዳው ዞረናል፤ በገበያ ቀን የጭነት መኪና ላይ ወጥተን ተጫውተናል። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ የወንድሜን ድምፅ አውጥቼው አላውቅም። ሊወጣ እንደሚችልም አላሰብኩም።

ክበቡ እየተዳከመ ሲሄድ አዲስ አበባ ገባሁ። መጀመሪያ በሬዲዮ ድራማ ትንንሽ ገጸ ባሕርያትን ሠራሁ፤ ጎረቤት፣ የቤት ሠራተኛ፣ ነርስ። ከዓመታት በኋላ የውጭ ፊልሞችን የአማርኛ ድምፅ የሚያለብስ አንድ ስቱዲዮ ተከፈተና የማውቀው ሰው ጠራኝ። ሥራው እንዲህ ነው፦ ግድግዳዋ ስፖንጅ በለበሰች ጠባብ ክፍል ውስጥ ማይክራፎን ፊት ትቆሚያለሽ፤ ጆሮሽ ላይ የመጀመሪያው ቋንቋ ይሰማሻል፤ ፊት ለፊት ፊልሙ ይሄዳል፤ አፉ ሲከፈት ከፍተሽ፣ ሲዘጋ ትዘጊያለሽ። ከመድረክ ለመጣ ሰው ቀላል አይደለም። መጀመሪያ ቀን አፌን ስከፍት መሣሪያው ላይ የነበረው ባለሙያ ሄድፎኑን ከጆሮው ወረወረው። ዳይሬክተሩ፣ ከእኔ በዕድሜ የሚያንስ ትሑት ሰው፣ ወደ መስታወቱ ቀረብ ብሎ፣ «እትዬ፣ የመጨረሻው ወንበር እኮ አፍንጫሽ ሥር ነው» አለኝ። ሁላችንም ሳቅን። ድምፄን እንዴት እንደማሳንሰው ለመማር ግን ብዙ ጊዜ ፈጀብኝ። ለማጉላት ዓመታት የለፋሁበትን ነገር መልሼ ማጠፍ ነበረብኝ።

ከዚያ የጃፓኑ ተከታታይ የካርቱን ፊልም መጣ። በአንዲት የዓሣ አጥማጆች ደሴት ላይ ከአያቱ ጋር ስለሚኖር ልጅ ነው። እናቱ ለሥራ ሩቅ ከተማ ሄዳለች፤ ልጁ በየቀኑ ወደብ ወርዶ ጀልባ ያያል። እኔ የተቀጠርኩት ሱቅ ያላትን አሮጊት እንድሠራ ነበር። ለልጁ የሚሆን ድምፅ ግን ጠፋ። ወንዶቹ ድምፃቸውን ሲያቀጥኑት ቀልድ ይሆናል። እውነተኛ ልጆች አምጥተው ሞከሩ፤ እነሱም ያነባሉ እንጂ አይናገሩም። አንድ ቀን ዳይሬክተሩ ተስፋ ቆርጦ፣ «እስቲ አንቺ ሞክሪልኝ። ለዛሬ ብቻ» አለኝ። በጃፓንኛውም ቢሆን ልጁን የምትሠራው ሴት እንደሆነች ነገረኝ፤ በዕድሜ የገፋች፣ ዘመኗን በመድረክ ላይ ያሳለፈች ተዋናይ።

ሄድፎኑን አደረግሁ። ከጃፓንኛ አንዲት ቃል አላውቅም። ተርጓሚያችን ግን ግሱ እንደኛው መጨረሻ ላይ እንደሚመጣ ነግሮን ነበር፤ ስለዚህ ንግግሩ ወዴት እንደሚያዘነብል ይገባኛል። ሴትዮዋን ስሰማት ወዲያው አወቅኋት። ትልቅ አዳራሽ የሚሞላ ድምፅ ይዛ በእጇ መዳፍ ውስጥ እንዳስገባችው ይታወቃል። ልጁ ወደቡ ጫፍ ላይ ቆሞ አያቱን ሊጠራ ሲል፣ እሷ ትንፋሿን አንድ ጊዜ ወደ ውስጥ ሳበች። እኔም ተከትያት ሳብኩ። «አባባ፣ ጀልባዋ መጣች እኮ!» አልኩ።

የወጣው የወንድሜ ድምፅ ነበር። ሻከር ያለው፣ ቃላቱ የተያያዙት፣ የመጨረሻዋ ቃል የተዋጠችው። የጽሑፍ ማስቀመጫውን ያዝኩ። ከመስታወቱ ወዲያ ያሉት ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ። ዳይሬክተሩ፣ «ይኸው እኮ! የት ደብቀሽው ነው?» አለ። ውኃ ጠጥቼ ቀጠልን።

ልጁን ለዓመታት ሠራሁት። መሮጡን ቆሜ እየዘለልኩ፣ መብላቱን ዳቦ እየገመጥኩ፣ ማልቀሱን ዓይኔን ጨፍኜ። በፊቴ የሚያውቀኝ ሰው የለም፤ ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡ ልጆች ስለ እሱ ሲያወሩ እሰማለሁ። መጀመሪያ ላይ ደስታ ነበረው። ከሥራ ስመለስ ወንድሜን አግኝቼው የመጣሁ ይመስለኛል። በጆሮዬ ያለችው ጃፓናዊትም ቀስ በቀስ ዘመዴ ሆነች። የት ላይ እንደምትደክም፣ የት ላይ እንደምትዝናና አውቃለሁ።

በዚያን ጊዜ እህቴና ባሏ ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ ተዛውረው ነበር። እናቴ ዓይኗን ሞራ ጋርዷት ብቻዋን መኖር ስላልቻለች እነሱ ጋ ገባች። እኔ ፊልም ላይ እንደምሠራ ያውቃሉ፤ የትኛው ላይ እንደሆነ አልጠየቁኝም፤ እኔም አልነገርኳቸውም። የእህቴ ልጆች ያንን ካርቱን በየቀኑ ሠርክ ላይ ያያሉ። እናቴ ለወትሮው ቴሌቪዥኑ ሲከፈት ወደ በረንዳ ትወጣ ነበር። አንድ ቀን ግን በሩ ላይ እንደደረሰች ቆመች። ልጆቹን፣ «ይኸ የሚናገረው ማነው?» ብላ ጠየቀቻቸው። የፊልሙ ልጅ ነው አሏት። ተመልሳ ገብታ ተቀመጠች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰዓቱ ሲደርስ ወንበሯን ራሷ እየጎተተች ቴሌቪዥኑ አጠገብ ታደርግ ጀመር።

እህቴ ደወለችልኝ። እያለቀሰች ነበር። በስልክ የነገረችኝ እሷም ከማድ ቤት ሆና ስትሰማ ወንድማችን እየመሰላት ትደነግጥ እንደነበር፣ ከዚያ የእኔ ሥራ መሆኑን መገመቷን፣ ለእናታችን መንገሯንና እናታችን ምንም አለማለቷን ነው። «መጥተሽ አናግሪያት» አለችኝ።

በሚቀጥለው ሳምንት ተሳፈርኩ። አውቶብሱ የአባይን በረሃ ወርዶ እስኪወጣ ምን እንደምላት አስብ ነበር፤ ደጀን ስንደርስም አላገኘሁትም። እናቴን በረንዳው ላይ ፀሐይ እየሞቀች አገኘኋት። ጉንጬን ሳመች፤ ፊቴን በእጇ ዳሰሰች። እህቴ ሆነ ብላ ልጆቹን ይዛ ወጣች። እናቴ የልጆቹ ድምፅ ከግቢው እስኪርቅ ጠብቃ ተናገረች።

«አንቺ ነሽ አሉኝ።»

«አዎ፣ እማየ። እኔ ነኝ።»

«አተነፋፈሱ ሳይቀር የሱ ነው» አለች። በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች፤ እንባ ይሁን ሞራው ይሁን አላውቅም። «ያ ልጅ፣ እዚያ ውስጥ፣ ያድጋል?»

ጥያቄዋ ወዲያው አልገባኝም። «አያድግም፣ እማየ። እንደዚያው ሆኖ ነው የሚኖረው።»

ራሷን ነቀነቀች። «እናትስ አለችው?»

«አለችው። ሩቅ አገር ለሥራ ሄዳ ነው።»

«ትመጣለታለች?»

አላውቅም ነበር። የፊልሙ መጨረሻ ገና አልደረሰንም። እንደዚያው ነገርኳት። ከዚያ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ደስ የሚላት መስሎኝ፣ «ላሰማሽ? አሁን እዚሁ ልናገርልሽ?» አልኳት። እጇን ዘርግታ ጉልበቴን ያዘችኝ።

«ተይ። አንቺ ስትናገሪ የምፈልገው አንቺን ነው። እሱ እዚያው ይሁን።»

ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ነገር አላወራንም። እኔ አዲስ አበባ ሆኜ እናገራለሁ፤ እሷ ማርቆስ ሆና ትሰማለች። እህቴ እንደምትነግረኝ ፊልሙ እየታየ ማንም እንዲያወራ አትፈቅድም። መብራት የጠፋ ቀን ደግሞ ሳትበላ ትተኛለች።

ስቱዲዮ ውስጥም አንድ ነገር እየተለወጠ ነበር። አዳዲሶቹ ክፍሎች ሲደርሱን የጃፓናዊቷ ትንፋሽ አጠረብኝ። ረዥሙን ዓረፍተ ነገር ድሮ በአንድ ትንፋሽ የምትጨርሰውን አሁን ሁለት ቦታ ትሰብረዋለች። ለዳይሬክተሩ፣ «ይቺ ሴት አሟታል» አልኩት። ፊልሙ ላይ ምንም አይሰማም አለኝ። እኔ ግን ዓመታት ሙሉ ትንፋሿን ስከተል ኖሬ እንዴት አይሰማኝ? ልጁ ይስቃል፣ ይዘላል፤ ከኋላው ያለችው ሴት ግን ወንበር ላይ ተቀምጣ እየተናገረች እንደሆነ አውቅ ነበር።

የዚያን ዓመት ክረምት ሲወጣ እናቴ ታመመች። ሐኪሞቹ ልቧ ደክሟል ብለው ወደ ቤት መለሷት። እኔ ስደርስ ትበላ የነበረው ጥቂት አጥሚት ብቻ ነበር። አንዳንዴ ታውቀናለች፤ አንዳንዴ ከአባታችን ጋር ስለ ገብስ ታወራለች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እኔና እህቴ በአልጋዋ ግራና ቀኝ ተቀምጠን ሳለ ዓይኗን ገለጠችና፣ «አልመጣም?» አለች።

ማን ብለን አልጠየቅናትም። እህቴ አየችኝ። ምን እንደምትለኝ ገባኝ፤ አንዲት ቃል ብቻ፣ በእሱ ድምፅ። ጉሮሮዬ ድረስ መጥቶ ነበር። ነገር ግን እናቴ በረንዳው ላይ ያለችኝን አሰብኩና በራሴ ድምፅ፣ «እኔ ነኝ፣ እማየ። አጠገብሽ ነኝ» አልኳት።

«አንቺንማ አውቄሻለሁ» አለች ቀስ ብላ። «ሰዓቱ አልደረሰም ወይ ማለቴ ነው።»

ሠርክ ላይ ቴሌቪዥኑን አልጋዋ ወዳለበት ክፍል አስገባነው። የዚያን ዕለቱ የፊልሙ ክፍል ከወራት በፊት የቀረጽኩት ነው፤ ልጁ ታንኳ ሲቀባ የሚውልበት፣ ብዙም ነገር የማይሆንበት። ከአያቱ ጋር ስለ ቀለም ይከራከራል፤ ዝንብ ያባርራል፤ ይስቃል። እኔ የእናቴን እጅ ይዤ ተቀምጫለሁ። አፌን በነጠላዬ ሸፍኜ ትንፋሼን ያዝኩ። እሱ እዚያ ሲናገር እኔ እዚህ መሰማት የለብኝም ብዬ ነው። ልጁ በሳቀ ቁጥር ጣቶቿ በእጄ ውስጥ ትንሽ ይንቀሳቀሳሉ። ሲያልቅ፣ «አጥፉት፤ ይረፍ» አለች።

እናቴ በዚያው ሳምንት ሌሊት ላይ አረፈች። ወደ መንደራችን ወስደን ከአባቴና ከወንድሜ ጎን ቀበርናት።

አርባዋን አውጥቼ ወደ ስቱዲዮ ስመለስ የመጨረሻዎቹ ክፍሎች መጥተው ነበር። ሄድፎኑን አድርጌ ልጁ አፉን ሲከፍት ሌላ ሴት ተናገረች። ጎበዝ ናት፤ ወጣት ናት፤ የቀድሞዋን ለመምሰል ብዙ ተጣጥራለች። አወለቅሁትና ዳይሬክተሩን አየሁት። የመጀመሪያዋ ማረፏን ፊልሙን ከሚልኩልን ሰዎች እንደሰማ፣ ሐዘን ላይ ስለነበርኩ ሊነግረኝ እንዳልፈለገ አስረዳኝ። ስሟን እንኳ በትክክል ማንበብ ለማልችል ሴት እንባዬ መጣ። ለእናቴ ያላለቀስኩት ይሁን የእሷው፣ መለየት አልቻልኩም። ቀሪውን ሥራ የጃፓንኛውን ድምፅ አስጠፍቼ፣ የልጁን ከንፈር ብቻ እያየሁ ሠራሁት።

በመጨረሻው ክፍል እናቱ መጣች። መርከቡ ሲቀርብ ልጁ ከሰው መሀል ያያትና ይጠራታል። ሌላ ንግግር የለውም፤ «እማ» ብቻ ነው። ስጠራት ድምፄ ከእጄ አመለጠ። እንደ ልጅ አልነበረም፤ እንደ ወንድሜም አልነበረም። ያ የቆርቆሮ አዳራሽ ያሳደገው ሙሉ ድምፅ ነው የወጣው። አበላሸሁት ብዬ እንድንደግመው ጠየቅሁ። ዳይሬክተሩ ከመስታወቱ ወዲያ፣ «አንደግመውም» አለኝ። እንደዚያው ሆኖ ነው የታየው።

ከዚያ ሌላ ሕፃን አልሠራሁም፤ ጠይቀውኝ አልችልም አልኳቸው። አሁን ደብረ ማርቆስ ከእህቴ ጋር እኖራለሁ፤ በከተማው ሬዲዮ ማስታወቂያና የጤና ምክር አነባለሁ። ያ ካርቱን ግን አልፎ አልፎ ይደገማል። አንድ ቅዳሜ እህቴ ሽንኩርት እየከተፈች ሳለ ልጆቿ ከፈቱት። ቢላዋዋን አስቀምጣ ጥቂት አዳመጠችና ወደ እኔ ዞረች።

«እኔ እኮ ድምፁን ረስቼው ነበር» አለችኝ። «ያስታወስሽኝ አንቺ ነሽ። አሁን ግን ላስታውሰው ስሞክር የሚመጣልኝ ይኸ የፊልሙ ነው። የሱ የራሱ እንዲህ ነበር?»

ላስብ ሞከርኩ። መናኸሪያውን፣ የተከራየናትን ክፍል፣ እራት የምንበላበትን ትሪ አሰብኩ። ፊቱ መጣልኝ፤ አፉ ሲንቀሳቀስም ታየኝ። የምሰማው ግን ስቱዲዮ ውስጥ የቀረጽኩትን ነበር።

«እንጃ» አልኳት። «እኔም አላውቅም።»

እህቴ ቢላዋዋን አንስታ መክተፏን ቀጠለች፤ እኔም ከጎኗ ተቀምጬ ነጭ ሽንኩርቱን መላጥ ጀመርኩ።